የጓዳው መኪኖች

«ማስቲሽ ነው የገደለው» አሉ ጋሽ አዳነ፣ ገና ጫማውን አውልቆ ላልጨረሰ ለቀስተኛ። «መጀመሪያ የደረስኩት እኔ ነኝ። በሩን ስከፍተው ሽታው ነው የተቀበለኝ። ጠረጴዛው ላይ ድፍት ብሎ፣ ቱቦው ክዳኑ ተከፍቶ እጁ ላይ። ነፍሱን ይማረውና፣ ማስቲሽ ነው።»

ለቀስተኛው ራሱን ነቀነቀ፤ ይዘን ይገረም አይታወቅም። ጋሽ አዳነ ካርታውን ሰብስበው እንደገና ማደል ጀመሩ።

ድንኳኑ ከሳሎኑ በር ጋር ተያይዞ ስለተተከለ፣ ውጭ የሚወራው ሁሉ ግድግዳ ተደግፋ ፍራሽ ላይ ለተቀመጠችው ለፍሬሰንበት ሳይጎድል ይደርሳታል። አባቷ ገብረአምላክ ከተቀበረ ወዲህ ይህ ወሬ ሲያድግ በጆሮዋ ሰምታዋለች። የቀብሩ ዕለት «ማስቲሽ ሸትቶኛል» ነበር። ሲመሽ «ማስቲሽ ያበዛ ነበር» ሆነ። ዛሬ ጠዋት ደግሞ መናኸሪያው ጥግ ከሚስቡት ልጆች ጋር አንድ ላይ አሰለፉት። ሆስፒታሉ ልቡ ነው ብሏል፤ ልብ ግን ለወሬ አይመችም።

«ልነሳና አፋቸውን በዚያው ማስቲሽ ልለጥፈው?» አለች ቀድሪያ በሹክሹክታ። ጎረቤቷ ናት፤ አብረው ያደጉ። የጨርቅ ሱቋን ዘግታ ከመጣች ጀምሮ ከጎኗ ንቅንቅ አላለችም።

«ተያቸው።»

«ምኑን ነው የምተወው? ያ ራቢ! የሰውዬው አፈር እንኳ አልደረቀም እኮ።»

ፍሬሰንበት ነጠላዋን ወደ አፏ ሳበች። ሐዘንተኛ ይቀመጣል፤ የሚነሳው ሌላ ሰው ነው። ውሃ ሳይጠማት ያቀርቡላታል፤ ሳትራብ ያጎርሷታል፤ ሽንት ቤት ስትሄድ እንኳ አንዷ ክንዷን ይዛ ትከተላታለች፤ ጉድጓዱ ውስጥ ዘላ የምትገባ ይመስል። የነገሌ ሙቀት ከቆርቆሮው ላይ እንደ ጭነት ይወርዳል። በግራ ሴቶች፣ በቀኝ ሴቶች፣ ፊት ለፊት ሴቶች፤ እግር መዘርጊያ የለም። ከሴቶቹ ትከሻ በላይ የጓዳው በር ይታያታል። እሷን የያዛት የጋሽ አዳነ ምላስ ሳይሆን ያ በር ነው። ውስጥ ዕቃ ይጎተታል። አክስቷ ጓዳውን እያስለቀቁ ነው።

አክስቷ እትዬ ብዙወርቅ መርዶውን እንደሰሙ ከክብረ መንግሥት በመጀመሪያው መኪና ከች ብለው፣ ወንድማቸውን አልቅሰው ቀብረው፣ እንባቸውን ጠርገው ሳይጨርሱ ነጠላቸውን አገልድመው ቤቱን ተረከቡ። ሁሉም ነገር በእሳቸው ነው የሚታዘዘው።

«እነዚህን መጫወቻዎች የት ላድርጋቸው እትዬ?» የሚል የሴት ድምፅ ከጓዳ መጣ።

«ካርቶን ውስጥ ክተቻቸውና ለልጆቹ ስጫቸው። መደርደሪያውን አውጡት፣ ፍራሽ ይግባበት። ዘመድ ሲመጣ ጣሪያ ላይ ላስተኛው ነው?»

«እትዬ!» ፍሬሰንበት ድምፅዋ ካሰበችው በላይ ወጣ። ሴቶቹ በሙሉ ዞሩ። «መጫወቻ አይደሉም። ባሉበት ይቀመጡ።»

እትዬ ብዙወርቅ በጓዳው በር ብቅ አሉ። «አንቺ አርፈሽ አልቅሺ። ሥራውን ለእኛ ተዪው።»

«አለቅሳለሁ። መኪኖቹን ግን አይንኩብኝ።»

«አገር የሚለውን አልሰማሽም? በእነዚህ ዕቃዎች አይደለም እንዴ የወንድሜ ስም እንዲህ የሚነሳው?»

ቀድሪያ መዳፏን ጉልበቷ ላይ አሳረፈችላት። ፍሬሰንበት ዋጥ አደረገችው። መዋጥ ልማዷ አይደለም፤ በዚህ ከተማ ምላሷን የማይፈራ የባጃጅ ሾፌር የለም። ዛሬ ግን ሐዘንተኛ ናት፤ ሐዘንተኛ ከተሳደበች ስሙ እብደት ነው።

ገብረአምላክ የጦሩ ሾፌር ነበር። በሰማንያ ሦስት ጦሩ ሲበተን የካምፑን መኪና ቁልፍ አስረክቦ፣ በልብሱ ብቻ ወጣና፣ የአንድ ነጋዴ የጭነት መኪና ይዞ ነገሌና ክብረ መንግሥት መመላለስ ጀመረ። እዚሁ አገባ፤ ፍሬሰንበትን ወለደ። ልጅቱ ትምህርት ቤት በገባች ዓመት፣ ለፋሲካ፣ እናቷ እህቱን እትዬ ብዙወርቅን ልትጠይቅ ብላ ከእሱ ጋር ጋቢና ተሳፈረች። ዝናብ ነበር። ቀዩ መንገድ ሳሙና ሆኖ ጠበቃቸው። መኪናው ገደል ሲገባ እናቷ ሞተች። እሱ ክንዱን ተጫረ፤ በቃ። ከዚያ ወዲህ መሪ አልጨበጠም። እንጀራውን የበላውም ከካምፑ አጥር ጎን በከፈተው የባትሪ መሙያ ቤት ነው።

ከሚስቱ ቀብር በኋላ ወደ ግድግዳው ዞሮ ተኛ። ከዚያ ጊዜ ፍሬሰንበት የምታስታውሰው ጀርባውን ነው፤ ላቡ ደርቆ ሸሚዙ ላይ ነጭ መስመር ያሰመረበት ጀርባ። ጎረቤት ምግብ ያመጣል፤ ያው ጎረቤት ምግቡን ይመልሳል። እሷ አልጋው ግርጌ ተቀምጣ ያንን ጀርባ ትጠብቃለች። አትጫወትም፣ አታወራም። የምትለው ቢኖራትስ ለማን ትለዋለች?

አብዱላሂ የመጡት በዚያ ሰሞን ነው። የሞያሌ ነጋዴ ናቸው፤ ገብረአምላክ ዕቃቸውን ሲጭን ነው የተዋወቁት። ከናይሮቢ ከገዙት ልዩ ልዩ ዕቃ ጋር ተቀላቅሎ የመጣ ካርቶን በፌስታል ይዘው ነበር። ካርቶኑ ላይ ጭቃ እየረጨ የሚበር ነጭ መኪና ተስሏል። ውስጡ ግን መኪና የለም። ፕላስቲክ ፍሬም ላይ እንደ ቡና ፍሬ የተንጠለጠለ ቁርጥራጭ ብቻ ነው፤ ጎማ፣ መቀመጫ፣ መሪ፣ ከምስር የማይበልጥ የበር እጀታ።

«ለልጅቱ ነው» አሉ አብዱላሂ፣ ደንግጠው። እሳቸውም ከፍተው አላዩትም ነበር።

ልጅቱ አንዱን ጎማ ነቅላ አልጋው ዘንድ ሄደች። «አባዬ፣ ይሄ የት ነው የሚገባው?»

ጀርባው ተንቀሳቀሰ። አባቷ ዞሮ ጎማዋን አየ፤ ከዚያ እሷን ለረጅም ጊዜ አየ። ተነሳ። ጠረጴዛው አጠገብ ተቀመጠ።

ያን ቀን ፍሬሰንበት አንድ ነገር ገባት፦ መኪና ካለ አባቷ ይነሳል። ስለዚህ አንዱ ሲያልቅ «ሌላስ?» ማለት ሥራዋ ሆነ። አብዱላሂም ባገኙ ቁጥር አመጡ። ፔጆ 504፣ ላንቺያ፣ ዳትሰን፤ ድሮ በኬንያ ጭቃ ላይ ሲሽቀዳደሙ የኖሩ የራሊ መኪኖች፣ በመዳፍ ላይ የሚቀመጡ። አባትና ልጅ ቁርጥራጩን በጥፍር መቁረጫ ይነቅላሉ፤ ጠርዙን በብርጭቆ ወረቀት ያለሰልሳሉ፤ ይቀባሉ። ቀለሙ ሳይደርቅ አቧራ እንዳይዘው መስኮቱ ይዘጋል፤ በዚያ ሙቀት፣ በዚያ ሽታ። መጨረሻ ላይ ከክብረ መንግሥት መንገድ ዳር የተዛቀ ቀይ አፈር በሻይ ማጥለያ ተነፍቶ፣ በሙጫ ተበጥብጦ፣ ጎማውና መከላከያው ላይ በጥርስ ብሩሽ ይረጫል። አፈሩን የምታመጣው እሷ ናት። እሱ ወደዚያ መንገድ አይሄድም።

«ሾፌሩ በየት ነው የሚወርደው?» ብላ ጠይቃው ታውቃለች፣ ትንሽ ሳለች። በሮቹ አይከፈቱም፤ ሾፌሩና ረዳቱ ጣሪያው ከመለጠፉ በፊት ይገባሉ።

«አይወርድም» አለ ገብረአምላክ። «ከተለጠፈ በኋላ ቤቱ እዚያው ነው።»

ከዚያ ጠረጴዛ ያተረፈችው እጇን ነው። ፀጉር የሚያህል መስመር ሳትስት ትስባለች። የነገሌ ባጃጆች ጀርባ ላይ «ቀስ በል ወንድሜ» የሚለውም፣ አበባውም፣ አንበሳውም የእሷ ነው። ማንም አላስተማራትም። ሐዋሳ የማስታወቂያ ሥራ ቤት ያለው ወንዶሰን የሚባል ሰው አንዱን ባጃጅ አይቶ ስልኳን ከሾፌሩ ተቀብሎ ደወለ።

«ነይ፣ ክፍል አለኝ፣ ሥራ ሞልቷል» አላት።

«አባቴ ዓይኑ ደክሟል። ትንንሾቹን ማን ይይዝለታል?»

«ስንት ናቸው ትንንሾቹ? አንቺ ነሽ የምታሳድጊያቸው?»

«የመኪና መስታወት ነው የምልህ።»

 በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ ደወለ። በሦስተኛው ግን እሷ ናት የደወለችው፤ ቦታው ተይዟል አላት፣ በትሕትና። ለአባቷ አልነገረችውም። ያን ማታ የፔጆውን የመስታወት መጥረጊያ አብረው ለጠፉ።

አክስቷ ጓዳውን በነኩ ማግስት ከሰዓት፣ ጋሽ አዳነ ድንኳኑ ውስጥ ከካምፑ ለመጡ ሰዎች ወሬውን እንደ አዲስ ጀመሩት። «ሃያ ዓመት ሙሉ መስኮት ዘግቶ ማስቲሽ ሲስብ...»

ፍሬሰንበት ነጠላዋን ከአፏ ላይ አወረደች። «ጋሽ አዳነ!» አለች ከተቀመጠችበት። «ማስቲሽ የሚገድል ቢሆን፣ ከተማው ውስጥ አንድ ጫማ ሰፊ ባልቀረ። እርስዎም ይሄኔ በባዶ እግርዎ ነበር የሚያለቅሱት።»

ድንኳኑ ውስጥ አንድ ሰው ሳቁን በሳል ሸፈነ። ቀድሪያ ሻርፗን አፏ ውስጥ ጎሰጎሰች። ጋሽ አዳነ ግን ሰው እንዳልሰደባቸው ሁሉ «ሐዘን ነው፣ ሐዘን ያናግራል» ብለው ካርታቸውን ጣሉ።

ሽታው የመጣው ያኔ ነው።

መጀመሪያ የጋሽ አዳነ ወሬ አፍንጫዋ ውስጥ የገባ መሰላት። ከዚያ አወቀችው። ሌላ ሰው ፌስታል ተቃጠለ ይላል፤ እሷ ግን ይህንን ፕላስቲክ ስታለሰልሰው ኖራለች፣ ሲሞቅ የሚሸተውን ለይታ ታውቀዋለች። ክንዷን ከያዘቻት ሴት መንጭቃ ተነሳች፤ የሰው እግር እየረገጠች፣ በባዶ እግሯ፣ ወደ ጓሮ።

ጓሮ አንዲት የእድር ሴት አጎንብሳ የከሰል ምድጃ ታራግባለች። ከከሰሉ ሥር ነጭ ፍሬም እየተኮማተረ፣ ጥቁር ጭስ እያወጣ፣ እየተንጠባጠበ ይነዳል። አባቷ ሲሞት የጀመረው ዳትሰን ነው። ገና አብዛኛው ቁራጭ ያልተነቀለበት ፍሬም።

«ምን እያደረግሽ ነው?»

ሴትየዋ ቀና አለች። «ከሰሉ እምቢ ብሎኝ እኮ ነው እህቴ። የተሰባበረ ፕላስቲክ ጠረጴዛው ሥር አገኘሁና...»

ፍሬሰንበት እጇን ሰደደች። ቀድሪያ ከኋላ ደርሳ ወገቧን ባትይዛት ፍሙን ታፍስ ነበር። የተረፈው በሁለት ጣት የሚያዝ ነው፤ ኮፈኑና አንድ የቀለጠ በር።

«ሐዘንተኛ እንዲህ ይነሳል?» እትዬ ብዙወርቅ ከኩሽና ወጡ። «ሰው ፊት! ለፕላስቲክ!»

«ሕይወቱ ነበር! በዚህ ምድር ላይ የወደደው ይሄንን ብቻ ነው። ይሄ ባይኖር ገና እናቴ የሞተች ጊዜ ነበር የሚሞተው። እኔስ ለምን የቀረሁ መሰለዎት? ሐዋሳ ያልሄድኩት፣ ያላገባሁት፣ እዚህ ሙቀት ውስጥ መስኮት ዘግቼ ያረጀሁት ለዚህ ነው!»

እትዬ ብዙወርቅ ቁጣቸው ፊታቸው ላይ እንዳለ ቆመ። የቀለጠውን በር አዩት። «ለዚህ?» አሉ፣ ቀስ ብለው። «እኔ ደግሞ ለአባትሽ ብለሽ መስሎኝ ነበር።»

«ያው ነው።»

«ያው ነው?»

«ያው ነው» አለች ፍሬሰንበት።

 አሮጊቷ ወደ ቤት ገብተው ሴቶቹን «መደርደሪያውን መልሱት፤ አንድ ዕቃ እንዳይነካ» ሲሉ ተሰማ። ማታ ዘመዶቹ ሳሎን ውስጥ ተጣበው ተኙ። ጓዳው ተቆልፎ ቁልፉ ለፍሬሰንበት ተሰጣት። አሸነፈች። ጣሪያውን እያየች ስትተኛ፣ ማሸነፉ እንደ ንፍሮ ደረቷ ላይ ደርቆ ቆመ።

አብዱላሂ የደረሱት ሰልስቱ ወጥቶ ድንኳኑ ሲፈርስ ነው። ከሞያሌ ሲመጡ ዱብሉቅ ላይ የተሳፈሩበት መኪና ተበላሽቶ አድረዋል። ለለቅሶ ብለው ያደረጉት ጥቁር ቆዳ ጫማ በአቧራ ቀልቷል።

«አካም፣ ናጋ?» ብለው ቀድሪያን በር ላይ ሰላም አሉ፤ ጫማቸውን በመከራ አውልቀው ገቡና መዳፋቸውን ዘርግተው ዱዓ አደረጉ። «አላህ ሰብሩን፣ ትዕግሥቱን ይስጥሽ ልጄ» አሉ። ሽማግሌ ሆነዋል። ሻዩን ከአንድ ጉንጭ በላይ አልጠጡም።

ፍሬሰንበት ጓዳውን ከፈተችላቸው። ሁሉንም በቅደም ተከተል አሳየቻቸው፤ የትኛው በየትኛው ክረምት እንደተሠራ፣ የትኛው ቀለም ቸግሮ በጥፍር ቀለም እንደተቀባ። ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚገባው ሰው የምታሳይ ያህል ድምፅዋ ሞቀ። አብዱላሂ እጃቸውን ከጀርባ አጣምረው አዩ። አንዱንም አልነኩ።

«ያመጡልን ሁሉ አለ» አለች። «ዳትሰኑ ብቻ ነው የተቃጠለብኝ።»

«እሺ ልጄ።»

«ጋሼ፣ ሌላ ይገኝ ይሆን? ያንኑ ዓይነት። ልጨርስለት ፈልጌ ነው።»

አብዱላሂ ወደ ውጭ ወጡ። በረንዳው ደረጃ ላይ ተቀመጡ፤ ከመንገዱ እግራቸው አብጦ ጫማው እምቢ አላቸው። ፍሬሰንበት ተንበርክካ ተረከዛቸውን እያገዘች አስገባችላቸው። አንዱን ጫማ አሰረች። ቀድሪያ ባጃጅ ልታቆም ወደ መንገዱ ወጥታለች።

«አይገኝም?» አለች ፍሬሰንበት፣ ቀና ሳትል።

«ይገኛል። ናይሮቢ ሞልቷል» አሉ ከአናቷ በላይ። «ለማን ነው የምትጨርሺው?»

«ለእሱ ነዋ።»

አብዱላሂ ተነፈሱ። «ነገሌ በመጣሁ ቁጥር ምን እንደሚለኝ ታውቂያለሽ? ‘ይብቃኝ አብዱላሂ’ ይለኛል። ‘ያንን ካርቶን ስከፍት፣ ያንን መሪ ሳይ፣ ያ ገደል ነው የሚታየኝ። አንድ ቀን እንኳ ወድጄ አልነካሁትም’ ይለኛል። ‘እንግዲያው ተወዋ!’ እለዋለሁ። ‘እንዴት ብዬ?’ ይላል። ‘እናቷ ከሞተች በኋላ ልጄ አፏን የፈታችው በዚያ ጎማ ነው። እስከ ዛሬም “ሌላስ?” እንዳለችኝ ነው። እሷ የተወች ቀን እኔም እተዋለሁ፤ አንተ ግን እስከዚያ አምጣ’ ይለኛል። እኔም አመጣሁ።»

ፍሬሰንበት የሁለተኛውን ጫማ ማሰሪያ ይዛለች። አንዱን ጫፍ በሌላው ላይ አሳለፈች፤ ሳበችው። አሁንም ሳበችው፤ የጣቶቿ መገጣጠሚያ ነጭ እስኪሆን። ከዚያ ቋጠረችው፤ በቋጠሮው ላይ ሌላ ቋጠሮ ደገመችበት።

አብዱላሂ እግራቸውን አልሳቡም። ጠበቀኝም አላሉ።